ያልተገኘ ማስታወሻ እንዳልተጻፈ ነው



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመርካቶ ነጋዴ ጀናዛ ላይ ተገኝቼ ነበር። ሶላቱ ከመሰገዱ በፊት የሟቹ የበኩር ልጅ ከሶፉ ፊት ቆመና «አባቴ የማንም ሰው ሐቅ ያለበት ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ላይ ነው፤ ያላችሁ ኑና ጠይቁኝ» አለ። በየመስጂዱ የተለመደ፣ የሚያስመሰግንም ተግባር ነው። ሕዝቡ ዱዓ አደረገ፤ ተሰገደ፤ ተቀበረ።

የልጁ ፈተና የጀመረው ለቅሶው ከተነሣ በኋላ ነው። ቃሉን ለመፈጸም የአባቱን መሳቢያ ሲከፍት ሦስት ደብተሮች፣ ያለፈበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ፣ በጀርባቸው የተጻፈባቸው ደረሰኞችና አንድ ፌስታል ሙሉ ቁርጥራጭ ወረቀት አገኘ። ስልካቸውም ነበር፤ የሚከፈትበትን ቁጥር ግን ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከደብተሮቹ በአንዱ «ሙሐመድ 12,000» ይላል። በሌላው «አማና 40» ይላል። በአንድ ደረሰኝ ጀርባ ደግሞ «ረመዷን ላይ ይጠናቀቃል» ተብሎ ተጽፏል። የትኛው ሙሐመድ? ሟቹ አበድረው ነው ወይስ ተበድረው? አርባው አርባ ብር ነው፣ አርባ ሺህ ብር ነው ወይስ አርባ ግራም ወርቅ? ረመዷኑስ የየትኛው ዓመት ነው?

ልብ በሉ! ሰውየው ጽፈዋል። ቸልተኛም፣ የሰው ገንዘብ የሚክዱም አልነበሩም። ባየኋቸው ጊዜ ሁሉ እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው አይጠፋም ነበር። ጉድለቱ የጻፉት ሲፈለግ የማይገኝ፣ ሲገኝም ለሌላ ሰው የማይገባ መሆኑ ነው። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁትም ይህንኑ ነው። ብዙዎቻችን እንጽፋለን፤ የጻፍነውን ግን በፈለግነው ሰዓት አናገኘውም። ያልተገኘ ማስታወሻ ደግሞ እንዳልተጻፈ ነው። በውስጡ የሰው ሐቅ ካለበት ነገሩ የአኼራ ጉዳይ ይሆናል።

እንድንጽፍ የታዘዝነው ለምንድን ነው?

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የአል-በቀራህ ምዕራፍ 282ኛው አንቀጽ ነው። የሚናገረውም ስለ ዕዳ መጻፍ ነው። ምእመናን እስከ ተወሰነ ጊዜ በዱቤ ሲዋዋሉ እንዲጽፉት፣ ጸሐፊው በትክክል እንዲጽፍ፣ ቃሉን የሚያስጽፈው ዕዳው ያለበት ሰው እንዲሆን፣ ምስክሮችም እንዲቆሙ ያዛል። ትንሽም ሆነ ትልቅ ከነጊዜው ከመጻፍ እንዳንሰለች ያሳስባል። እጅ በእጅ የሆነውን ንግድ ባንጽፍ ግን ኃጢአት እንደሌለብን ይገልጻል። ከዑለማእ አብዛኞቹ የመጻፉን ትእዛዝ በተወደደ ተግባርነት ያዩታል። ሆኖም አላህ (ሱ.ወ.) በዚህን ያህል ስፋት ያብራራውን ጉዳይ እኛ አቅልለን ልናልፈው አይገባም።

አንቀጹ የመጻፍን ጥቅም ሲገልጽ ለፍትሕ የቀረበ፣ ምስክርነትን ይበልጥ የሚያጸና፣ ከጥርጣሬም የሚያርቅ መሆኑን ያመለክታል። እነዚህን ሦስት ጥቅሞች አንድ በአንድ እንያቸው። ሦስቱም የሚገኙት ጽሑፉ በተጻፈበት ቀን ሳይሆን በተፈለገበት ቀን ነው። ሁለት ሰዎች ሲለያዩ፣ አንዱ ሲረሳ ወይም ሲሞት ወረቀቱ ወጥቶ ካልተነበበ ፍትሑም፣ ምስክርነቱም፣ ከጥርጣሬ መዳኑም አይገኝም። ስለዚህ መጻፍ የሥራው ግማሽ ነው፤ ቀሪው ግማሽ ማስቀመጥና ማግኘት ነው።

ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) ኑዛዜ ሊያደርግበት የሚገባ ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ተጽፎ ከእርሱ ዘንድ ሳይኖር ሁለት ሌሊት ሊያሳልፍ እንደማይገባው አስተምረዋል። ዘገባው ከኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) ተላልፎ በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል። እዚህ ላይ የተፈለገው መጻፉ ብቻ ሳይሆን ጽሑፉ በቅርብ መገኘቱም ጭምር ነው። ሸሂድ እንኳ ኃጢአቱ ሁሉ ሲማርለት ዕዳው እንደሚቀርበት በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። እንግዲህ ዕዳችንን ለልጆቻችን የሚነግር ወረቀት ከምን ያህል ጥንቃቄ ጋር መያዝ እንዳለበት ከዚህ መረዳት አያዳግትም።

ሰነዱ የት እንዳለ ማወቅ

ከየማማ ጦርነት በኋላ ብዙ የቁርኣን ሓፊዞች ሸሂድ በመሆናቸው ኸሊፋው አቡበክር (ረ.ዐ.) በዑመር (ረ.ዐ.) አሳሳቢነት ዘይድ ኢብን ሣቢትን ቁርኣንን እንዲሰበስብ እንዳዘዙት እናውቃለን። ዘይድ ከዘንባባ ዝንጣፊ፣ ከስስ ድንጋይና ከሰዎች ልብ እየፈለገ ሰበሰበው። ዘይድ ራሱ ወሕይ ከሚጽፉት ሶሓቦች አንዱ ነበር። ይሁን እንጂ በማስታወሱ ብቻ ሳይተማመን የተበታተነውን ጽሑፍ ፈልጎ አንድ ቦታ አኖረው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለዛሬው ርዕሳችን ትልቅ ትምህርት አለው። የተሰበሰበው ጽሑፍ ከአቡበክር ዘንድ ቆየ፤ ከእርሳቸው ወደ ዑመር፣ ከዑመር ወደ ልጃቸው ወደ እመት ሐፍሳ (ረ.ዐ.) ተላለፈ። ዑሥማን (ረ.ዐ.) ሙስሐፉን አስገልብጠው ወደየከተሞቹ ለመላክ በወሰኑ ጊዜ ሰነዱ የት እንዳለ መፈለግ አላስፈለጋቸውም። ከሐፍሳ ተቀብለው አስገለበጡ፤ መልሰውም ለእርሷ ላኩላት። ቦታው አንድ ነው፤ ጠባቂው የታወቀ ነው፤ የወጣው ሰነድም ወደ ቦታው ተመልሷል።

እኛ ቤት ስንመጣ የቤት ኪራዩ ውል ከቁም ሣጥን ላይ፣ የኒካሕ ወረቀቱ ከሻንጣ ውስጥ፣ የብድሩ ማስታወሻ ከኮት ኪስ፣ የዕቁቡ ሒሳብ ከስልክ ውስጥ ነው። ለዚህ የሚደረገው ቀላል ነው። ለማስታወሻዎቻችሁ ሁሉ አንድ መሳቢያ ወይም አንድ ሣጥን ወስኑ። ቀን ላይ ሱቅ ውስጥ ወይም መንገድ ላይ በተገኘው ወረቀት ብትጽፉ ምንም አይደለም። ነገር ግን ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ ኪሳችሁን ፈትሹና ወደ ደብተሩ ገልብጡት። ከመሳቢያው የወጣ ወረቀት በዚያው ቀን ይመለስ። ቦታውንም ከእናንተ ሌላ ቢያንስ አንድ ታማኝ ሰው ይወቀው። ባለቤታችሁ ወይም የደረሰ ልጅ ሊሆን ይችላል።

«የትኛው ሸዕባን?»

በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ዘመን የመክፈያ ጊዜው «ሸዕባን» ተብሎ የተጻፈ ሰነድ ቀረበላቸው። እርሳቸውም የትኛው ሸዕባን እንደሆነ ጠየቁ፤ ያለፈው ነው፣ ያለንበት ነው ወይስ የሚመጣው? አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪም ከኸሊፋው የሚደርሳቸው ደብዳቤ ቀን የሌለው በመሆኑ መቸገራቸውን ማሳወቃቸው ተዘግቧል። በዚህ ምክንያት ሶሓቦች ተማከሩና የዓመታት ቁጥር ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስደት እንዲጀምር ተወሰነ። ይህም በ17ኛው ዓመተ ሒጅራ ገደማ ነበር። ዛሬ የምንኮራበት የሒጅራ አቆጣጠር በአንድ በኩል ቀኑ ካልተሟላ ማስታወሻ የተወለደ መሆኑን ስንቶቻችን አስተውለን ይሆን?

የመርካቶው ነጋዴ «ረመዷን ላይ ይጠናቀቃል» ብለው ሲጽፉ የዑመር ጥያቄ ተመልሶ መጣ። የእኛ ችግር ደግሞ ይብሳል፤ በሦስት አቆጣጠር የምንኖር ሰዎች ነንና። ለምሳሌ 5/6/2010 ብሎ የጻፈ ሰው በሀገራችን አቆጣጠር ከሆነ የካቲት 5 ማለቱ ነው፤ በፈረንጆቹ ሲቆጠር እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2018 ይሆናል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፎት ከሆነ ደግሞ ቀኑ ሰኔ 5 ቀን 2010 ነው። በሁለቱ መካከል ከ7 ዓመት ከመንፈቅ በላይ አለ። ከጂዳ ወይም ከዱባይ እህቱ ገንዘብ የምትልክለት ሰው ደረሰኙ በፈረንጅ፣ ደብተሩ በሀበሻ፣ የክፍያው ቀጠሮ በረመዷን ሆኖበት ሲቸገር አይተናል። መፍትሔው ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ መጻፍ፣ ዓመቱን ማሟላትና አቆጣጠሩን መግለጽ ነው።

የዘካ ማስታወሻ ግን የግድ የሒጅራውን ቀን ሊይዝ ይገባል። የዘካ ዓመት የሚቆጠረው በጨረቃ ነው፤ የጨረቃ ዓመት ደግሞ ከፀሐዩ 11 ቀን ያህል ያጥራል። ገንዘቡ ኒሷብ የሞላበትን ቀን በሀበሻ ብቻ መዝግቦ በየዓመቱ በዚያው ቀን ዘካ የሚያወጣ ሰው 33 ዓመት ያህል ሲቆይ የአንድ ሙሉ ዓመት ዘካ ያመልጠዋል። የድኾች ሐቅ ሳይታወቅ ተቀነሰ ማለት ነው። በረመዷን ያልጾመቻቸው ቀኖች ያሉባት እህትም ቁጥሩን ከነዓመቱ በዚያው ወር ብትጽፍ ከዓመታት በኋላ «አምስት ነበር ወይስ ሰባት?» ከሚል ጭንቀት ትድናለች።

ማን፣ ለማን፣ ምን?

በአንድ የመርካቶ ተራ ውስጥ «ሙሐመድ!» ብላችሁ ብትጣሩ ስንቱ ዞሮ እንደሚያያችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ስም ከአባትና ከአያት ጋር ይጻፍ፤ ሥራው ወይም ሰፈሩም ይጨመር። «የጎንደሩ ልጅ»፣ «ሐጂ»፣ «ያ ረጅሙ» የሚባሉ ቅጽሎች ለጻፋቸው ሰው ግልጽ ናቸው። ለወራሽ ግን እንቆቅልሽ ናቸው።

ቀጥሎም ገንዘቡ ከማን ወደ ማን እንደሄደ ይገለጽ። «ተበደርሁ» ወይም «አበደርሁ»፣ «አማና ተቀበልሁ» ወይም «አማና ሰጠሁ» የሚል ግሥ ከሌለው ቁጥር ብቻውን አይናገርም። መጠኑ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ፤ ብር ይሁን ወርቅ ይለይ። ዕዳው ሲከፈል ገጹን ቀድዶ መጣል አይገባም። በአንድ መስመር ሰርዞ «ተከፍሏል» ብሎ ቀኑን መጻፍ ይሻላል። የተቀደደ ገጽ ጥርጣሬ ይፈጥራል፤ የተሰረዘ መስመር ግን ይመሰክራል።

በሰው ስም ወይስ በጉዳዩ?

ብዙ የጻፈ ሰው የሚቸገረው በአደረጃጀቱ ላይ ነው። በዚህ ረገድ የሐዲሥ ሊቃውንት ከእኛ ቀድመው ብዙ ደክመዋል። ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል በሙስነዳቸው ከ27 ሺህ በላይ ሐዲሦችን ሲያኖሩ የደረደሩት በዘጋቢው ሶሓባ ስም ነው። የአቡበክር ዘገባዎች በአንድ በኩል፣ የሌላው በሌላ በኩል ናቸው። ዘጋቢውን ለሚያውቅ ሰው መንገዱ ቅርብ ነው፤ ለማያውቀው ግን ሩቅ ነው። ኢማም አል-ቡኻሪ ደግሞ በጉዳዩ ደረደሩት፤ ስለ እምነት፣ ስለ ዕውቀት፣ ስለ ውዱእ፣ ስለ ሶላት እያሉ ምዕራፍና ንዑስ ምዕራፍ አበጁለት። አንድ ሐዲሥ ብዙ ጉዳዮችን ሲነካ በየቦታው ደገሙት። ስለ ኒያ የሚናገረው ታዋቂው ሐዲሥ በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ውስጥ በሰባት ቦታ ይገኛል። በ20ኛው ክፍለ ዘመንም ግብፃዊው ሙሐመድ ፉኣድ ዐብዱልባቂ የቁርኣንን ቃላት በፊደል ተራ የያዘ ማውጫ አዘጋጁ። በእርሱ እርዳታ አንዲት ቃል ያስታወሰ ሰው አንቀጹን ያገኛል።

ከእነዚህ ሥራዎች የምንማረው ማስታወሻ የሚደረደረው በሚፈልገው ሰው ዓይን መሆኑን ነው። ስትጽፉ «ይህን ወደፊት ብፈልገው በምን ስም እፈልገዋለሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የገንዘብ ጉዳይን የምንፈልገው በሰው ስም ነው፤ እንደ ሙስነድ ይደርደር። ትምህርትን የምንፈልገው በርዕስ ነው፤ እንደ ቡኻሪ ይደርደር። ስለዚህ የሐቅ ደብተርና የዒልም ደብተር ይለያዩ። በሁለቱም የመጀመሪያዎቹን አራት ገጾች ለማውጫ ባዶ ተዉ፤ ቀሪዎቹን ገጾች ቁጥር ስጧቸው። አዲስ ነገር በጻፋችሁ ቁጥር ስሙን ወይም ርዕሱን ከገጹ ቁጥር ጋር ማውጫው ላይ አስፍሩ። ጉዳዩ ሁለት ርዕስ ካለው ጽሑፉን መድገም አያስፈልግም፤ ማውጫው ላይ በሁለቱም ስም ማስገባት ይበቃል። ይህ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ከደርስ የምንጽፈው

መካ በተከፈተች ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኹጥባ ሲያደርጉ አቡ ሻህ የተባለ የየመን ሰው እንዲጻፍለት ጠየቀ፤ እርሳቸውም እንዲጻፍለት አዘዙ። ዘገባው በቡኻሪ የዕውቀት ምዕራፍ ውስጥ ይገኛል። ዛሬም በየመስጂዱ ደብተር ይዘው የሚቀመጡ ወጣቶችን ማየት ያስደስታል። ነገር ግን ከዓመት በኋላ ደብተሩን ሲገልጡ «ይጠላል ተብሏል» የሚል መስመር ያገኛሉ። ማን ነው ያለው? የትኛው ኪታብ ነው? የኡስታዙ ቃል ነው ወይስ የተማሪው ግምት?

እኛ የኢስናድ ኡማ ነን። የተናገረው ሰው ያልታወቀ ወሬ በዲን ጉዳይ ዋጋ እንደሌለው ለሌላው የምናስተምር ሆነን የራሳችን ደብተር ያለ ኢስናድ ሊሆን አይገባም። በእያንዳንዱ ደርስ ራስጌ ቀኑን፣ የአስተማሪውን ስም፣ የኪታቡን ስምና ገጽ ጻፉ። የራሳችሁን ሐሳብ በኅዳጉ ላይ ወይም በሌላ ቀለም ለዩት። ያለበለዚያ ከዓመታት በኋላ የራስን ግምት «ሸኹ እንዲህ ብለዋል» ብሎ ለሰው ማስተላለፍ ይመጣል። ይህ ደግሞ ትንሽ ጥፋት አይደለም።

ስልክስ?

ዛሬ ብዙዎቻችን ደብተራችን ስልካችን ነው፤ ይህ በራሱ ነውር የለበትም። በስልክ የተጻፈ ማስታወሻ ቃሉን ብቻ በማስገባት ይፈለጋል። ይሁንና ፊደላችን አንድ ፈተና አለበት። አንዱ «ሐዲሥ»፣ ሌላው «ሀዲስ»፣ ሦስተኛው «ሃዲስ» ብሎ ይጽፋል። ሙሐመድም «ሙሀመድ»፣ «መሐመድ»፣ «ሙሃመድ» ይሆናል። በአንደኛው ጽፋችሁ በሌላው ስትፈልጉ ስልኩ «የለም» ሊላችሁ ይችላል፤ ለእኛ አንድ ድምፅ የሆነው ለእርሱ ሌላ ፊደል ነውና። ስለዚህ ለራሳችሁ አንድ አጻጻፍ ምረጡና በእርሱ ጽኑ።

ደረሰኝን ፎቶ አንሥቶ ዝም ማለትም አይበቃም። ከሺህ የሠርግና የልጆች ፎቶ መካከል አይገኝምና በአጠገቡ ማን፣ ለማን፣ ምን፣ መቼ የሚል አንድ መስመር ይጨመርለት። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፤ ባለቤቱም ይሞታል። የሰው ሐቅ ያለበት ነገር ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ወደ ወረቀት ይገልበጥ። የስልኩን መክፈቻ ለሰው መስጠት የማይመች ቢሆን እንኳ የሐቅ ደብተሩ ለቤተሰብ የሚገኝ መሆን አለበት። በሌላ በኩል የሰው ዕዳ ምስጢር መሆኑን አንርሳ፤ ለታማኝ ሰው ቦታውን ማሳወቅና ለሁሉም ገልጦ ማሳየት የተለያዩ ናቸው።

«ዕውቀት በልብ ነው» ለሚሉ

አንዳንድ ወንድሞች ጽሑፍ ማስታወስን ያደክማል ይላሉ። የኢማም አል-ገዛሊንም ታሪክ ይጠቅሳሉ። ሽፍቶች የትምህርት ማስታወሻቸውን ወስደውባቸው እንዲመልሱላቸው ሲለምኑ የሽፍቶቹ አለቃ በወረቀት መወሰድ የሚወሰድ ዕውቀት ምን ዕውቀት ነው ብሎ እንደሳቀባቸው፣ እርሳቸውም ተመልሰው ሦስት ዓመት የጻፉትን በማጥናት እንዳሳለፉ ይተረካል። ታሪኩ ጥሩ ነው። ግን ልብ በሉ፤ አል-ገዛሊ ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠኑት ከዚያው ከተመለሰላቸው ማስታወሻ ነው! ማስታወሻው ባይኖር የሚያጠኑት ከየት ይመጣ ነበር? ልብና ወረቀት አይጣሉም። ዕዳ ሲሆን ግን ልብ ብቻውን አይበቃም፤ ባለቤቱ ሲሞት ልቡም አብሮት ይቀበራልና።

የጁሙዓ ምሽት ሩብ ሰዓት

ይህ ሁሉ ሥርዓት የሚዘልቀው በየሳምንቱ ከታየ ብቻ ነው። ሐሙስ ማታ ወይም ጁሙዓ ከዐስር በኋላ ሩብ ሰዓት መድቡለት። የሳምንቱ ቁርጥራጭ ወረቀት መገልበጡን፣ ማውጫው መሞላቱን፣ የተከፈለው መሰረዙን፣ ቀኑ የደረሰ ዕዳ መኖሩን ተመልከቱ። ያለፈውን የአሥር ዓመት ወረቀት ሁሉ በአንድ ቀን አስተካክላለሁ ያለ ሰው ይሰለቻል። ከዛሬው ጀምሩ፤ ከአሮጌው ደግሞ መጀመሪያ የሰው ሐቅ ያለበትን ብቻ አውጡ። ሌላው ይደርሳል።

ወደ ጀመርሁበት ልመለስ። የዚያ ነጋዴ ልጅ ብዙ ደክሟል። «አማና 40» የሚለው አርባ ሺህ ብር መሆኑን የገንዘቡ ባለቤት ራሳቸው መጥተው በምስክር አስረዱና ተከፈላቸው። ረመዷኑም የትኛው ረመዷን እንደሆነ ከሌላ ወረቀት ታወቀ። «ሙሐመድ 12,000» የሚለው ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም። መጥቶ የጠየቀም፣ መጥቶ የከፈለም ሙሐመድ የለም። ልጁ ባለፈው ሲያገኘኝ «አባቴን በዱዓ ባሰብሁ ቁጥር ያቺ መስመር ትመጣብኛለች፤ ሰጥቶ ይሆን ወይስ ተቀብሎ?» አለኝ። ፍርዱን ዑለማእን እንዲጠይቅ ከመምከር በቀር መልስ አልነበረኝም።

አንዲት ግሥ ተጨምራ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር። ውድ አንባቢ፣ ይህን ጋዜጣ ስታስቀምጡ መሳቢያችሁን ክፈቱ። ነገ ልጃችሁ ቢከፍተው ምን ያነባል?

አላህ (ሱ.ወ.) የሰው ሐቅ ሳይኖርብን የምንገናኘው ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።